ወደ ባሏ አገር ለምትሄድ እኅት

በጀጎል ውስጥም ሆነ ከቅጥሩ ውጭ የምትኖሪ፥ ባልሽም በአሜሪካ ሆኖ የሚጠብቅሽ እኅቴ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረብሽ አስቀድመሽ ወረቀቶችሽን እርስ በርሳቸው አስተያዪ። ከሐረር እስከዚያ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣልና፥ ስለ አንዲት ቀን ስሕተት ተመልሶ መምጣት ድካም ነው።

ሰርግሽ ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሆነ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 ነው። ተርጓሚው 2014ን እንዳለ ቢተወው ግን፥ ምናልባት ከባልሽ ጋር ሳትተዋወቂ አግብተሽ ትገኛለሽ።

ብዙዎችም በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን ከተጋቡ በኋላ፥ ወደ መዝገብ ሹም የሚሄዱት የጉዞ ነገር ሲነሣ ነው። የአገራችን ሕግ የሃይማኖትንም የባህልንም ጋብቻ ያውቃል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ደግሞ እንዲመዘገብ ያዛል። እንግዲህ የተጋባሽበት ቀንና የተመዘገብሽበት ቀን ቢለያዩ ሁለቱንም ተናገሪ፤ አንዱን አትሸሽጊ። የአባትሽን ስም ይዘሽ መቅረብሽም አያስፈራሽ፤ በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም።

ደላላ መጥቶ፥ «ያልነበረ ሽርሽር ፎቶግራፍ ላንሣችሁ፥ መልሱንም ላስጠናሽ» ቢልሽ ከደጅ መልሺው። እውነተኛ ጋብቻ ያላት ሴት በሐሰት ወረቀት ብትያዝ እውነቷም አብሮ ይጠረጠራል፤ በአሜሪካም ሕግ ቪዛ ለማግኘት በዋና ነገር የዋሸ ሰው ለዘወትር ሊከለከል ይችላል።

የማታስታውሺውን ብትጠየቂ «አላስታውስም» በዪ፤ ጥያቄው ካልገባሽም እንዲደግሙልሽ ለምኚ።