የርካሽ ቤት ዕዳ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚገሰግስ መንገደኛ አምበርን ልብ ብሎ አያያትም። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ ጥቂት ሻይ ቤቶች፣ የአነደድ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ፣ ጥላ ሥር የቆመ ባጃጅ ይታዩታል፤ ከዚያ እንደገና የጤፍና የስንዴ ማሳ ይተካል። ከተማዋ አለቀች ማለት ነው። እኔ ግን በዚያች መንገደኛ በማያያት ከተማ ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አስተምሬባታለሁ፤ ኖሬባታለሁ። የኖርኩትም ከአስፋልቱ ጀርባ፣ ከገበያው ጥግ፣ የባሕር ዛፍ ማገርና የጭቃ ምርጊት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር ውስጥ ነው።

ያቺን ክፍል ዛሬም አልረሳትም። ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ በየሳምንቱ በእበት የሚለቀለቅ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ቁር በመዝጊያው ሥር ሾልኮ እግር ያቆረፍዳል። ሆኖም ገበያው አጠገቤ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ አጠገቤ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል። ኪራዩ በወር 250 ብር ነበር። የመምህር ደሞዝ እስከ ወሩ መጨረሻ ሲደርስ ያየሁት በሕይወቴ በዚያ ሰፈር ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ግድም ቁርስ የምበላበት ሻይ ቤት ባለቤት ሻይዬን እያቀረበች፣ «ያንተን ቤት በ500 ብር ልከራይ ያለ ሰው መጥቶ አከራይህ እምቢ አሉት» አለችኝ። ሰውዬው በከተማዋ ለሥራ የተመደበ አዲስ እንግዳ ነው። ገበያውን መጠጋት ፈልጎ ሰፈሩን ሲዞር ሰንብቷል። አከራዬ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለችውን ጥቂት ጥማድ መሬት በእኩል ያሳርሳሉ፤ ጠላ ይጠምቃሉ፤ የእኔን 250 ብር ይጨምሩበታል። ሌላ ገቢ የላቸውም። ወደ እኔ የቀረው 250 ብር በዓመት 3,000 ብር ይሆናል። በዚያን ጊዜ 3,000 ብር ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ይገዛ ነበር። ማዳበሪያ በዱቤ የሚወስድ ቤተሰብ ሁለት ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘኋቸው።

«እመይቴ፣ ቤቱን የፈለገ ሰው መጥቶ ነበር አሉ?»

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ነገረኝ። እጥፍ እከፍላለሁ ብሏል አሉ። በእኔ ምክንያት ሊጎዱ አይገባም። ወይ እኔ ልጨምር፣ ወይ ልልቀቅልዎት።»

ጌሾውን መገልበጥ ትተው ቀና አሉ። «ቤቴን ለጨረታ ታወጣብኛለህ?»

«ኧረ እኔስ...»

«ያ ሰውዬ ሌሊት ሆዴን ቢቆርጠኝ ጤና ጣቢያ ያደርሰኛል? አንተ አድርሰኸኛል። በል ልብስህን ቀይርና ና፤ ዝናቡ እየመጣ ነው፤ ይቺን ጌሾ እናስገባት።»

ጌሾውን አስገባን። እኔም እፎይ አልኩ። ያሳፈረኝ ይኸው እፎይታ ነው። ልጨምር ስላቸው እምቢ እንደሚሉኝ አውቅ ነበርና። ሰው እንደማይወሰድበት እርግጠኛ ሆኖ የሚያቀርበው ነገር ስጦታ ይባላል? ወይስ የራስን ሕሊና በርካሽ ማጠቢያ ነው? ከዚያች ቀን ጀምሮ የኪራዩን ብር በቆጠርኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ጀመር፤ ቤት ለአንዱ ርካሽ ሲሆን የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው?

አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዕድገትና ድህነት» በተሰኘው መጽሐፉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ታግሏል። የአንድ ቦታ ዋጋ የሚያድገው ባለቤቱ ስለለፋበት ሳይሆን ኅብረተሰቡ በዙሪያው ስለተሰበሰበ ነው ይላል። ስለዚህ ከመሬት የሚገኘው ትርፍ የሁሉም ነውና በግብር መልክ ወደ ሁሉም ይመለስ የሚል ነው ሐሳቡ። ይህን ወደ አምበር አምጥተን እንየው። ያቺ ክፍል ከ250 ወደ 500 ብር እንድታወጣ ያደረጋት ምንድነው? ምርጊቷ አልታደሰም፤ ቆርቆሮዋም ዝጓል። ከአዲስ አበባ የመጣው አስፋልት፣ ገበያተኛው፣ የወረዳው መሥሪያ ቤት፣ እኔ ራሴም የማስተምርበት ትምህርት ቤት ናቸው ዋጋዋን ከፍ ያደረጉት። እዚህ ድረስ ደስ የሚል ክርክር ነው፤ «እንግዲያው ትርፉ የሴትዮዋ አይደለም» ብዬ ተኝቼ ማደር እችል ነበር። ግን ክርክሩ ቀጣይ አለው። ትርፉ የእሳቸው ካልሆነ የእኔም አይደለም። የከተማዋ ሁሉ የሆነውን ነገር በየወሩ ኪሴ ውስጥ አስቀርቼ የምበላው እኔ ነበርኩ። ከሁለታችን ደግሞ ደሞዝ ያለኝ እኔ ነኝ።

ይሁንና ሒሳቡ በብር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። እኔም እከፍል ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። በጾም ቀን ሥጋ ጠብሼ ሰፈሩን አላስሸትትም። እንግዳ ሲመጣብኝ እንግዳው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ አስረዳለሁ። ደብዳቤ አነባለሁ፤ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል እወጣለሁ። «ልጄ» የሚለው ቃል ሙሉ ውል ነበር፤ አንቀጾቹ ያልተጻፉ፣ ማብቂያ ጊዜው ያልተወሰነ። አንዳንድ ቀን ምነው 500 ብር ከፍዬ ዝም ብዬ ብኖር እል ነበር። ገንዘብ ጨካኝ ነው ይባላል እንጂ አንድ በጎ ነገር አለው፤ ከፍለህ ስትጨርስ ነፃ ነህ።

አሁን አዲስ አበባ ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬን ወራት ሳላየው አልፋለሁ፤ ኪራዩ በባንክ ይገባለታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ተደንግጓል። መልካም ነው፤ በደንብ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን ሌሊት ቢያመኝ የአከራዬን በር ላንኳኳ አልደፍርም።

ሕግ ቤትን ርካሽ ሲያደርግ ያየነው ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ፣ እስከ 300 ብር ይከራዩ የነበሩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። ለስንቱ ድሃ እፎይታ እንደነበረ የሚክድ ካለ እሱ ተከራይቶ አያውቅም። የጎደለውን መጀመሪያ የሞሉት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ቤት የነበራቸው መኳንንት ብቻ ሳይሆኑ ሁለት ክፍል ሠርተው በማከራየት የሚጦሩ መበለቶች ነበሩ። ቀጥሎ ደግሞ ቤቶቹ ራሳቸው ይከፍሉ ጀመር። ጥቂት ብር የሚገባበት ቤት የሚያድሰው አጥቶ ጣሪያው ይበሳል፣ ግድግዳው ይዘማል፤ ተከራዩም «የእኔ አይደለም» ብሎ ምርጊት አይመርግም፤ ቀበሌውም ከየት አምጥቶ? እንዲህ እንዲህ እያለ ርካሹ ኪራይ ከአርባ ዓመት በላይ ከግድግዳው ላይ ተከፈለ።

«እንግዲህ ምን ይሻላል? የራስህን ቤት ሠርተህ ከሰው ዕዳ አትወጣም?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጀን፤ ለማኅበር የሚሰጠው ቦታ እንደ ሊዝ ጨረታው አይወደድምና ለመምህር ኪስ የተሠራ ይመስላል። ዕጣ ወጣልኝ። በዚያች ቀን አከራዬ ጠላ ከፈቱ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ እመይቴ እልል አሉ። ዕዳዬን ሁሉ የዘጋሁ መሰለኝ።

ቦታችን የት እንደሆነ ያወቅሁት ችካል ሊተከል በሄድንበት ቀን ነው። ከተማው የሚሰፋው ወደ አየር አይደለም፤ ወደ ማሳ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚል ገበሬው ሻጭ አይደለም፤ ተነሺ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። የ10 ዓመት እህል ማለት ነው። ልጆቹ በ11ኛው ዓመት ምን እንደሚበሉ አዋጁ አይናገርም። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አድርጎታል፤ ጥያቄው በአምስት ዓመት ተራዘመ እንጂ አልተመለሰም። «መሬት ላራሹ» ብለው ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡለት አራሽ፣ እኔን መሰል ደሞዝተኛ ቤት ሲያምረው ማሳውን እንደሚለቅ ያሰበ አልነበረም።

ማሳው ላይ ቆሞ የጠበቀን ሰው እንግዳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የአከራዬን መሬት በእኩል የሚያርሱት ጎልማሳ ናቸው። የዕጣዬ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ጠላ ጠጥተዋል፤ መርቀውኛል። እኔ ከእመይቴ ርካሽ ቤት ነፃ ልወጣ ስል የገባሁት በእሳቸው ርካሽ ማሳ ነው። ያን ዕለት አንዳችንም ስለዚህ ነገር አላነሳንም። እሳቸው የችካሉን መዶሻ ሲያቀብሉ አይቻለሁ፤ ለምን እንዳቀበሉ ዛሬም አልገባኝም።

ሐምሌ ሲገባ በር ላይ መጥተው ጠሩኝ።

«መምህር፣ ቤቱን እስክትሠራ ዘንድሮን ጤፍ ልዝራባት?»

«ኧረ ይዝሩት» አልኳቸው፤ የእኔ የሆነ ይመስል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ እሳቸው በሬዎቻቸውን እየነዱ ያርሳሉ። ስሜ በቀለም የተጻፈባት ችካል ዘንድ ሲደርሱ ማረሻውን ከአፈሩ አውጥተው ከፍ አደረጉ፤ በሬዎቹን በዝግታ አዙረው አለፏት፤ ከዚያ እንደገና ሰኩ። በችካሏ ዙሪያ ያልታረሰች የአንድ ክንድ ሣር ቀረች።