ማዕዱ፣ መዝገቡና ግብሩ

በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሦስት ትርጉሞችን በአንድነት ይሸከማል። አንደኛው ዜጋ ከገቢው ለመንግሥት የሚከፍለው ድርሻ ነው። ሁለተኛው ንጉሥ ወይም መኳንንት ሠራዊታቸውንና ሕዝቡን የሚያበሉበት ታላቅ ድግስ ሲሆን፣ «ግብር አበላ» የሚባለው ከዚህ ነው። ሦስተኛው፣ ለሁለቱም ሥር የሆነው፣ ከግእዙ «ገብረ» ማለትም «ሠራ፣ አደረገ» ከሚለው ግስ የመጣው የሥራና የድርጊት ትርጉም ነው፤ የሐዋርያት ሥራ የተባለው የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል በግእዝ «ግብረ ሐዋርያት» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ግብር የሚያገባው ገበሬ «ገባር»፣ አገልጋይ የሆነ ሰው «ገብር» የተባሉት ከዚሁ ሥር ወጥተው ነው፤ የላስታው ንጉሥ ላሊበላ የነገሠበት ስም፣ «ገብረ መስቀል»፣ የመስቀል አገልጋይ ማለት ነው። በዚያው ንጉሥ ስም በምትጠራው ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ ሦስቱ ትርጉሞች በሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመ ነው፤ ይሠራል፣ ያበላል፣ ይከፍላል። ከዚህ ቦታ አንድ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ጥያቄ ይነሣል፦ ገቢን በእውነት ማስታወቅ የኅሊና ግዴታ ከሆነ፣ እውነቱን የሚያሳይ መዝገብ መያዝ ያልተማረ ሰው ግዴታውን በምን ይወጣ? ባይወጣስ በደሉ የማን ነው?

በቀድሞው ሥርዓት ይህ ጥያቄ በዚህ መልክ ሊነሣ አይችልም ነበር። ገባሩ በእህል፣ በማር፣ በቅቤና በሰንጋ ያገባው ግብር ከፊሉ በግብር አዳራሽ ማዕድ ሆኖ ይመለስ ስለነበር፣ ምግብ የሚታየው እንደ ስጦታና እንደ ክብር እንጂ እንደ ሸቀጥ አልነበረም፤ በልቶ መክፈል እንግዳ ነገር ነበር። በአዲስ አበባ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ የተከፈተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በከተማዋ ታሪክ ትልቅ ቦታ የተሰጠው ከሌላው ምክንያት ይልቅ እንግዳ በገንዘቡ የሚመገብበትን ልማድ ስላስተዋወቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በላሊበላ ግን ሁለቱ ዓይነት ማዕዶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለልደት በዓል ከየአውራጃው በእግሩ የሚመጣውን ምእመን የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ፣ ካለው ቆርሶ ይቀበለዋል፤ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩና ጸበል ጻድቁ ያለ ዋጋ የሚቀርቡ ማዕዶች ናቸው። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ ሽሮና በየዐይነቱ በዋጋ የምታቀርብ ሴት አለች፤ የእርሷም ማዕድ ልጆቿን የምታሳድግበት ነው።

የምትሸጠው ሴት ከምትመጸውተው ሴት በሃይማኖት ፊት ታንሳለች ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ራሱ መልስ ይሰጣል። ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ሦስተኛው «ምኩራብ» ይባላል፤ ጌታ ከቤተ መቅደስ ሻጮችን ማስወጣቱ የሚታሰብበት እሑድ ነው። ስድስተኛው ሳምንት «ገብር ኄር»፣ ማለትም «መልካም አገልጋይ»፣ ይባላል፤ በዚህ ዕለት የሚነበበው በመክሊት የነገዱና ያተረፉ አገልጋዮች፣ መክሊቱን ቀብሮ ያቆየውም ጭምር፣ ጌታቸው በተመለሰ ጊዜ የተሳሰቡበት ምሳሌ ነው። በአንድ ጾም ውስጥ የመጀመሪያው ንግድን ከማይገባው ስፍራ ያስወጣዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ የነጋዴን የሒሳብ ቀን የመጨረሻው ፍርድ አምሳል አድርጎ ያቀርበዋል። ምሳሌው ተጽፎ የሚገኘው አስቀድሞ ቀራጭ፣ ማለትም ቀረጥ ሰብሳቢ፣ በነበረው በማቴዎስ ወንጌል መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ የመቅረጫውን ስፍራ ትቶ የተነሣው ሰው መተሳሰብን እንደ ነውር አላየውም።

ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። «ሐሳብ»ና «ሒሳብ» ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ናቸው፤ መቁጠርና ማሰብ በጥንቱ አነጋገር የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታሰላበት ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» ተብሏል፤ በወሎ ከክርስቲያኑ ጋር በአንድ ገበያ የሚውለው ሙስሊም ደግሞ የፍርድን ቀን የሒሳብ ቀን ብሎ ያውቀዋል። የሁለቱም እምነት ሰዎች ገና ስለ ግብር ሕግ ከመስማታቸው በፊት፣ ሥራቸው የሚመረመርበት መዝገብ እንዳለ ተምረው አድገዋል። ስለዚህ የሒሳብ አያያዝ ከውጭ የመጣ፣ ለባላገር የማይገባ ጥበብ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን አይደፋም። የጎደለው መዝገቡን ከዕለት ሥራ ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው።

የሕጉ መንገድ ግን ለረዥም ጊዜ በመዝገብ ሳይሆን በግምት ይሄድ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆኑትን በደረጃ «ሐ» መደባቸው፤ የትንንሽ ምግብ ቤቶች ቦታ በአብዛኛው ይህ ደረጃ ነበር። በዚህ ደረጃ የነበረው ነጋዴ ግብሩን ይከፍል የነበረው በቁርጥ ነው፤ ይኸውም የግብር ሠራተኞች የሥራውን ዓይነትና ስፍራ አይተው የዕለት ገቢውን ይገምቱ፣ ግምቱም ወደ ዓመት ተባዝቶ ግብሩ ይወሰን ነበር ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ይህ የዕለት ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ ብዙ ነጋዴዎች ከአቅማችን በላይ ነው ብለው አቤት ብለዋል፤ በአንዳንድ ከተሞችም ሱቆች ተዘግተው ነበር። በዚያ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የተዘነጋ አንድ የሥነ ምግባር ነጥብ አለ። በግምት የሚከፍል ሰው እውነቱን ተናገር ተብሎ በወጉ አልተጠየቀም፤ ስላልተጠየቀም አልዋሸም፤ ይሁን እንጂ እውነትን ተናግሮ የመታመን ዕድልም አላገኘም። ገማቹ ነጋዴው እንደሚደብቅ አስቦ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ነጋዴው ገማቹ ከፍ እንደሚያደርግ አስቦ ሌማቱን ይሰውራል፤ በመጨረሻ የሚጻፈው ቁጥር ከሁለቱ የማንኛቸውም ምስክርነት አይደለም።

ለምግብ ነጋዴ ግምት ከሌላው ነጋዴ ይልቅ የሚከብደው ገቢው በባሕረ ሐሳብ ስለሚመራ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል፤ የሥጋ ድስት ይከደናል፣ ሽያጩ ወደ ሽሮና ምስር ይዞራል። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28፣ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ላሊበላ ከአቅሟ በላይ በሰው ትሞላለች፤ በዚያ ሳምንት በአንድ ቀን የሚሸጠው በሐምሌ ጭቃ በብዙ ቀን ከሚሸጠው ሊበልጥ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ከማክሰኞ፣ የቅዳሜ ገበያ ከሰኞ ይለያል። ገማቹ በልደት ሰሞን ከመጣ የሚያየው ዓመቱን ሙሉ ልደት ነው፤ በሑዳዴ ከመጣ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሑዳዴ። ከዚህም የከፋው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጎብኚ ሲቋረጥ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ የታየው ነው። ገበያው የጠፋበት ሰው መጥፋቱን የሚያስረዳው በምን ነው? የአምናና የዘንድሮ ሽያጭ በአንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን ካልተጻፈ፣ ኪሳራው የእንባ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ እንባ ደግሞ በግብር ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አይደለም። መዝገብ ለድሀው ከለላ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡ ራሱ ምን እንደሚመስል ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። አንዲት ባለ ምግብ ቤት ጠዋት 40 እንጀራ ጋገረች እንበል። ማታ ሌማቱ ሲታይ 29 ተሽጧል፣ 5 ቤተሰቡና ረዳቶቿ በልተውታል፣ 4 ለነዳያን ተሰጥቷል፣ 2 ተበላሽቷል። የሒሳብ ሰው ከእርሷ የሚፈልገው እነዚህን አራት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሽያጭ ነው፣ ሁለተኛው የቤት ፍጆታ ነው፣ አራተኛው ብክነት ነው። ሦስተኛው ግን ያስቸግራል። ወንጌል ምጽዋት በስውር እንዲደረግ ያስተምራል፤ መዝገብ ደግሞ ከድስት የወጣው ሁሉ እንዲታይ ይፈልጋል። ምጽዋቷን ጽፋ በቀን መጨረሻ ድምሩን የምታይ ሴት ዋጋዋን በዚህ ዓለም ተቀብላለች ወይ የሚለው ስጋት ቀልድ አይደለም፤ በላስታ ገጠር ያለች አማኝ በእርግጥ የምታስበው ነገር ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚጠይቀው ከሌማቱ የወጣውን ቁጥር ነው፤ የተቀባዩን ስም፣ የሰጪዋንም መልካምነት አይጠይቅም። በ«ቤት» ስም በአንድ መስመር 9 ተብሎ ቢጻፍ እውነቱ አይጎድልም፣ ስውሩም አይገለጥም። ፈተናው ያለው በተቃራኒው በኩል ነው፦ የተሸጠውን ምጽዋት ብሎ የሚጽፍ ሰው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ነዳያኑንም ሰርቋል፣ ስማቸውን ለመሸሸጊያ አውሏልና።

የወጪው በኩል ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ጤፉ የሚገዛው በቅዳሜ ገበያ በቁና ነው፤ እንጨቱ በሸክም፣ ቅቤውና ዶሮው ከባላገር እጅ ነው፤ ከእነዚህ ሻጮች ማንም ደረሰኝ አይሰጥም። ሕጉ ደግሞ በመዝገብ ግብር የሚከፍል ነጋዴ ማስረጃ የሌለውን ወጪ ከገቢው ላይ እንዲቀንስ አይፈቅድም። ስለዚህ በእውነት የወጣ ገንዘብ በሕግ ዓይን እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 መሠረት ሥራ ላይ የዋለው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም ቢሆን የሚመዘግበው የተሸጠውን እንጂ የተገዛውን አይደለም። በደላንታ፣ በወገል ጤና፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኦፓል ንግድ በሰፋበት ከተማ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ድንጋዩ እስኪሸጥ በዱቤ የሚበላ ቆፋሪ ቢኖር፣ ያልተከፈለው ምሳ ገቢ ነው ወይስ ተስፋ? የሒሳብ ትምህርት ለዚህ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉት፤ አንዱ ሽያጩ በተፈጸመ ቀን መመዝገብ፣ ሌላው ገንዘቡ በእጅ በገባ ቀን መመዝገብ ነው። ባለ ምግብ ቤቷ የትኛውን እንደያዘች ሳታውቅ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ብትጽፍ፣ ክፉ ሐሳብ ሳይኖርባት ሐሰተኛ መዝገብ ይወጣታል።

የቀደሙ አባቶች ጽሑፍን ከእውነት ጋር ለማሰር የተጠቀሙበት ዘዴ እዚህ ላይ መታወስ አለበት። የመሬት ስጦታና የንብረት ውል በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው የመሬት ስጦታ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ «ወርቃማ ወንጌል» ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ያን ጽሑፍ የሚፍቅ ወይም የሚያጣምም ሰው በወንጌሉ ላይ እንደዋሸ ይቆጠር ነበር። የንብረት መዝገብ ከመሐላ ጋር በአንድ ጥራዝ ይኖር ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን መዝገቡን የሚጽፈው ባለ መሬቱ አልነበረም፤ ብራና የሚያውቅ ጸሐፊ ነበር። እውነቱ የባለቤቱ ቢሆንም ጽሕፈቱ የባለሙያ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ሸክሞች፣ እውነቱም ጽሕፈቱም፣ በአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ትከሻ ላይ ወድቀዋል።

በዚህ ምክንያት ለትንንሽ የምግብ ነጋዴዎች የሚሰጥ የሒሳብና የግብር ድጋፍ በበጎ አድራጎት ሳይሆን በፍትሕ ሥር ሊመደብ ይገባዋል። መንግሥት እውነቱን ንገረኝ ብሎ በቅጣት የሚያስገድድ ከሆነ፣ እውነቱ የሚነገርበትን መንገድ የመጥረግ ዕዳ አለበት፤ ያላስተማረውን የሚፈትን መምህር ተማሪውን ሊወቅስ እንደማይችል ሁሉ፣ መዝገብ ያላስተማረ ገማችም ነጋዴውን ከሐሰተኞች ጋር ሊቆጥረው አይገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ ግብር ስለ ኅሊና እንዲከፈል ማስተማሩ የታወቀ ነው፤ ኅሊና ግን የሚያውቀውን ነገር ብቻ ሊመሰክር ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ስንት እንደሸጠች የማታውቅ ሴት ኅሊና ምን ብሎ ይመስክር? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ፈቃድ ስላለው የታክስ ወኪል ይደነግጋል፤ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት የሒሳብ ሙያን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም አለ። እነዚህ ለትልልቆቹ ድርጅቶች የሚመጥኑ ሥርዓቶች ናቸው፤ በቀን 40 እንጀራ ለምትጋግር ሴት የሚያስፈልጋት ግን በሳምንት አንድ ቀን ደብተሯን አብሯት የሚያነብ፣ የገቢና የወጪን ዓምድ የሚያሰምርላት፣ የግዥ ማስረጃ ከባላገር ሻጭ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳያት ሰው ነው። ሒሳብ ተምረው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች በየከተማው አሉ፤ ሁለቱን ማገናኘት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በዚህ ሥራ የሚሰማራው ወጣት ግን ሥራው የምስክር ሥራ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል፤ ሁለት ደብተር፣ አንዱን ለባለቤቱ አንዱን ለግብር ሰብሳቢው፣ የሚያዘጋጅ ባለሙያ በሐሰት ከሚመሰክር ሰው በምንም አይለይም።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃዎቹን ከሦስት ወደ ሁለት አውርዶ፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር ያልበለጠ ነጋዴዎች በጠቅላላ ሽያጫቸው ላይ ተመሥርተው እንዲከፍሉ አድርጓል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ጤፍ ሲወደድ ትርፏ የጠፋባትንና ያልጠፋባትን ሁለት ሴቶች፣ ሽያጫቸው እኩል እስከሆነ ድረስ፣ በእኩል ያያቸዋል። ስለዚህ የሽያጩ ቁጥር ሁሉን የሚወስን ሆኗል፤ እርሱ በግምት ከገባ የሚያርመው ሌላ ቁጥር የለም።

የትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ወር ለብዙ ዓመታት ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር። ክረምቱ የበረታበት፣ ምእመኑም ጎብኚውም የማይታይበት፣ በእጅ ያለው ገንዘብ የሚሳሳበት ወር ነው። በማግስቱ ነሐሴ 1 ጾመ ፍልሰታ ይገባል፤ የላስታ ልጃገረዶች ለነሐሴ 16ቱ አሸንድዬ መዘጋጀት ይጀምራሉ፤ ባለ ምግብ ቤቷም የቅቤውን ድስት አጥባ ትሰቅላለች፣ ደብተሯን ትገልጥና በአዲሱ ገጽ ራስ ላይ ቀኑን ጽፋ የመጀመሪያውን ቁና ጤፍ ዋጋ ትመዘግባለች።