ከአንካሳዋ ጅግራ የተማርኩት



ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ጅግራ ነው። «ኡማው ስንት ችግር እያለበት ስለ ወፍ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ነገሩ ቤቴ እስኪገባ ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው።

ከከሚሴ አካባቢ የመጣ ዘመዳችን ቤቱ ከሚያረባቸው ጅግራዎች 14 እንቁላል ይዞልን መጣ። እናቴም አንዲት የሐበሻ ዶሮ አስታቀፈች። ዶሮ የራሷን እንቁላል የምትፈለፍለው በ21 ቀን ነው፤ የጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ያቺ ዶሮ የታቀፈችው የባዳ እንቁላል መሆኑን ሳታውቅ ሳምንት ያህል ተጨማሪ ጊዜ ከቦታዋ ሳትነሳ ጠበቀች። እናቴ «ሶብር መማር ከፈለግህ እሷን እይ» ትለኝ ነበር። ዘጠኝ ጫጩቶችም ተፈለፈሉ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። የጅግራ ጫጩት ብርድና እርጥበት አይችልም ሲባል ስለሰማሁ ከዶሮዋ ለይቼ ካርቶን ውስጥ አስገባኋቸውና አምፖል አበራሁላቸው። ሥራቸውም ጋዜጣ አነጠፍኩ። የአላህ ስም ያለበት እንዳይሆን ገጾቹን አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ ጋዜጣ እንደሚያንሸራትት ግን አላሰብኩም። በሦስተኛው ቀን የሁለቱ እግሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍተው መቆም አቃታቸው። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ጅማቱ ገና ስላልጠና የሚቆነጥጠው ሻካራ ነገር ካጣ እንዲህ ይሆናል። ጋዜጠኛው በጋዜጣ ፍጡር አሰናከለ ማለት ነው!

አንድ ጎረቤታችን «አንገታቸውን ጠምዝዘህ ጣላቸው፤ አንካሳ ጅግራ ምን ይሠራልሃል?» አለኝ። አልዋሽም፣ ተስማምቼ ነበር። እጄን ስዘረጋ የሰባት ዓመቷ ልጄ «አባ፣ ምን አጠፉ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንድሞችና እህቶች! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ በክንፎቻቸው የሚበሩትም እንደ እኛው ኡመቶች መሆናቸውን ይነግረናል። አንዲት ሴት ድመት አስራ በረሃብ በመግደሏ እሳት እንደገባች፣ አንዲት ኃጢአተኛ ሴት ደግሞ የተጠማ ውሻ በማጠጣቷ ምሕረት እንዳገኘች ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ በጭንቀት ስታንዣብብ አይተው ልጆቿ እንዲመለሱላት አዘዋል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርም ዶሮ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባየ ጊዜ ነገሩ በነቢዩ የተወገዘ መሆኑን በግልጽ ነግሯቸዋል። ጅግራ ሐላል ናት፤ ቢስሚላህ ብሎ፣ ቢላዋውን አስልቶ፣ ሳያንገላቱ ማረድ ይፈቀዳል። ስለማትጠቅም ብቻ አንገቷን ጠምዝዞ ወደ ቆሻሻ መጣል ግን ከየትኛው ኢህሳን ይመደባል?

ጋዜጣውን አንስቼ ጆንያ አነጠፍኩ። የጫጩቶቹን እግሮች በተፈጥሯዊ ስፋታቸው አቀራርቤ በለስላሳ ፋሻ፣ ሳላጠብቅ አሰርኩ። ውኃቸው ውስጥ ሰጥመው እንዳይሞቱ ሰሐኑን በጠጠር ሞላሁት። አንደኛው በአምስት ቀን ድኖ ከጓደኞቹ ጋር መሮጥ ጀመረ። ሁለተኛዋ ግን አንድ እግሯን እየጎተተች አደገች። ጅግራዎች ደካማውን መጠቅጠቅ ልማዳቸው ስለሆነ ምግቧን ለብቻ ማቅረብ ነበረብኝ። በአንድ እግሯ ላይ ብቻ ስለምትደገፍ መዳፉ እንዳይቆስል ጭዱ ዘወትር ደረቅ መሆን አለበት። ሌሎቹ ማታ ማታ ዛፍ ላይ ሲወጡ እሷ መሬት ላይ ቀርታ ስትጮህ ባየሁ ጊዜ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ቆጥ ሠራሁላት።

ቆጡን ሠርቼ ስጨርስ ታላቅ ወንድሜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ወንድሜ በልጅነት ልምሻ አንድ እግሩ የሰለለ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ነው። «ማሻአላህ፣ ጥሩ አድርገሃል» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ለጅግራዋ ቆጡን ዝቅ አደረግክላት። ለኔ የመስጊዱን ደረጃ ዝቅ የሚያደርግልኝስ ማን ነው?» አለ።

ጋሼ ጁሙዓ ከቀረ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኔ ጤናው እየከዳው መስሎኝ ነበር፤ ጠይቄውም አላውቅም። ለካስ አንድ ቀን ዝናብ ባረጠበው የመስጊዱ ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ሰው ተሯሩጦ ሲያነሳው በማፈሩ ነው የቀረው። ያን ደረጃ በየሳምንቱ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ የምወጣው እኔ ነኝ!

ሰውን ከወፍ ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀኝ። የሰው ልጅ ክብር ከዚያ እጅግ የላቀ ነው። ታዲያ ለወፏ ያልነፈግኩትን ለገዛ ወንድሜ ስነፍግ መኖሬ ጥፋቴን አያብሰውምን? ጅግራ ደካማዋን ብትጠቀጥቅ አትጠየቅም፤ አቅል የላትምና። እኛ ግን እንጠየቃለን።

ዓይነ ስውሩን ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ተጠምደው ሳሉ ወደሳቸው መጣ፤ ፊታቸውን ባዞሩበት ጊዜም ሱረቱ ዐበሰ ወረደ። በኋላ ይህ ሰው ከቢላል ጋር የመዲና ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም ከተማይቱን በሱ ላይ የተዉባቸው ጊዜያት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አካል ጉዳተኛውን ሰደቃ እንዲቀበል በር ላይ አላስቀመጡትም፤ አዛን እንዲያደርግ አቆሙት እንጂ። በየመስጊዶቻችን በር ላይ የሚታየው ግን ምንድን ነው?

ባለፈው ጁሙዓ ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ደረጃውን እኔና ሁለት ወጣቶች ደግፈን አወጣነው፤ ሲመለስ ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ። ከሶላት በኋላ ኮሚቴውን አነጋገርኩ። በደረጃው ጎን ተዳፋት መንገድ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጥቂት ሲሚንቶ፣ አሸዋና የሁለት ቀን ጉልበት ነው። ሥራው ገና አልተጀመረም፤ ኢንሻአላህ ይጀመራል። እናንተም በዚህ ሳምንት ወደ መስጊዳችሁ ስትገቡ ደረጃውን ቁጠሩት። ከዚያም ከሰፈራችሁ ማን እንደቀረ ጠይቁ።

አላህ ለደካሞች የሚያዝን ልብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ።