አበባና እንስራ

ውበት ለሰው ልጅ ከእህልና ከውኃ ጋር የሚቆጠር ነውን? ወይስ ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚታሰብ ትርፍ? በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለሚመራመር ሰው ይህ ጥያቄ ብዙ መንገድ አለው፤ ወደ ግሪክም፣ ወደ ጀርመንም ይወስደዋል። በደረቁ ወራት ውኃ ወረፋ ተይዞ በሚቀዳበት ከተማ ግን መንገዱ ያጥርና ከአንድ ጣሳ ውኃ ዘንድ ያደርሳል። ጣሳው ለማን ይሁን? ለቤቱ ሰው? በደጅ ለታሰረችው ጥጃ? ወይስ በአጥሩ ጥግ ለተተከለው አበባ?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በዲላና በያቤሎ መካከል የምትገኘው ቡሌ ሆራ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም፣ ለዚህ ክርክር የተመቸች ስፍራ ናት። ወደ ሰሜን ሲኬድ የጌዴኦ የቡናና የእንሰት ልምላሜ ይጠብቃል፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ የቦረና ሰፊ የግጦሽ ቆላ ይከፈታል። ከተማዋ ራስዋ ወይና ደጋ ብትሆንም የአካባቢው ኑሮ በሁለት ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውና በኦሮምኛ «ገና» የሚባለው ዋነኛ ዝናብ ሲሆን (ከልደት በዓል ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም)፣ ሁለተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚመጣው «ሀገያ» ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ በቦረና ቆላ የወረደው የከብት እልቂት ከሰው አእምሮ የሚወጣ አይደለም።

ከሰሜን ደጋ ተመድቦ ወደዚህች ከተማ የመጣ አንድ መምህር በዓይነ ኅሊና ይሣል። እንግሊዝኛ ያስተምራል። በወጣትነቱ በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበው፣ ዊሊያም ወርድስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1807 ያሳተመው ስለ ዳፎዲል አበባ የሚናገረው ግጥም ከልቡ አልጠፋም። አንድ ቀን ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሽንኩርት መሰል የሆነውን የአበባውን ሥር ያመጣለታል። መምህሩ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ይተክላል፣ ጧትና ማታ ያጠጣል። ቅጠሉ ይወጣል፤ አበባው ግን አይመጣም። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። ዳፎዲል አገሩ በተለይ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር በመሆኑ፣ ለሳምንታት የዘለቀ ብርድ ካላለፈበት የማበቢያው ጊዜ መድረሱን አያውቅም። ከምድር ወገብ አምስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ በምትርቀው ቡሌ ሆራ እንዲህ ያለውን ብርድ የሚሰጥ ማቀዝቀዣ እንጂ ሰማይ የለም።

ይህ ገጠመኝ ለሌሎች ሕዝቦች እንግዳ አይደለም። የአንቲጓ ተወላጅዋ ደራሲ ጀማይካ ኪንኬይድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው «ሉሲ» በተባለው ልቦለድ፣ ባለታሪኳ ዓይቶት ስለማታውቀው ዳፎዲል በልጅነቷ ግጥም በቃሏ እንድታጠና መደረጓን በቁጣ ታስታውሳለች። ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቅኝ አልነበረችምና የመምህሩ ፍቅር በግዴታ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህም የባለታሪኳን ቁጣ መዋስ አያስፈልገውም። ከመጽሐፍ የተቀዳ ፍቅርም ፍቅር ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ አበባው ውበት ሲነግረው ስለ ውኃው አልነገረውም፤ በወርድስወርዝ አገር ዝናብ የሚጠጣ አበባ በመምህሩ ግቢ የሚጠጣው በሰው ጀርባ የመጣ ውኃ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሌላዋ ባለጉዳይ የምትገባው። ውኃውን የምታመጣው ከጎረቤት የሆነች፣ መምህሩ ራሱ ከሚያስተምራቸው ተማሪዎች አንዷ ናት። ዱሮ እንስራ ነበር፤ ዛሬ ቢጫው ጀሪካን ነው፤ ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ሲሞላ ሃያ ኪሎ የሚመዝን። ለእያንዳንዱ ጀሪካን ጥቂት ብር ይከፈላታል። ወረፋው በረዘመ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል፤ ያ ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል።

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባወጣው የፍርድ ኃይል ሒስ፣ ነጻ ለሚለው የተፈጥሮ ውበት ከሰጣቸው ምሳሌዎች የመጀመሪያው አበባ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ ውበትን የሚመዝን ሰው ከነገሩ ጥቅም የማይፈልግ፣ እንዲኖረውም የማይጓጓ መሆን አለበት። ሐሳቡ ረቂቅ ነው፤ እውነትነትም አለው። አበባን ስለ ዋጋው የሚያይ ሰው አበባውን አላየውም። ሆኖም ከቡሌ ሆራ የውኃ ወረፋ ሆኖ ለሚያነበው ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል። መምህሩ አበባውን ያለ ጥቅም ስሜት ሊያይ የቻለው የጥቅሙን ሸክም ሌላ ሰው ስለ ተሸከመለት ነው። ልጅቱ ያንኑ ቅጠል ስታይ የምታየው ሁለት ጣሳ ውኃ ነው። ይህም የስሜት ድህነት አይደለም፤ ሒሳቡን ታውቀዋለች።

ሩሲያዊው ቼርኒሼቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1855 ባቀረበው የሥነ ውበት ጥናቱ ውበትን ከሕይወት ጋር አስተሳስሮ፣ ገበሬው ቆንጆ የሚላትና መኳንንቱ ቆንጆ የሚሏት ሴት የተለያዩ መሆናቸው ከኑሯቸው የመነጨ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ አበባው ይነቀል፣ ጎመን ይተከል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይህ ተከራካሪ ለልጅቱ የቆመ ይመስላል፤ ግን አልቆመላትም። ጎመኑም ውኃ ይጠጣል፤ የጎመኑንም ውኃ የምታመጣው እርስዋ ናት። ሸክሙ ሳይነካ አበባው ብቻ ቢጠፋ የተለወጠው የግቢው መልክ እንጂ የልጅቱ ጧት አይደለም።

ነገሩ በትልቁም እንዲሁ ነው። በዚሁ በደቡብ መንገድ ዝዋይ ላይ ለአውሮፓ ገበያ የሚቀርብ ጽጌረዳ በሰፊው ይመረታል፤ አገሪቱም በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ለመሆን በቅታለች። ስለ ሐይቁ ውኃና ስለ ሠራተኛው ደመወዝ ክርክር ሲነሣ፣ አበባ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ውኃው ከማን ተወስዶ፣ ገቢው ለማን ደረሰ ነው። የመምህሩ ግቢም ከዚህ ጥያቄ ነጻ የሚሆነው ስለ ትንሽነቱ አይደለም።

ውኃ እጅግ ውድ በሆነበት ስፍራ ውበት እንዴት እንደሚኖር ለማየት ከቡሌ ሆራ በስተደቡብ ያቤሎን አልፎ ወደ ዱብሉቅ አካባቢ መውረድ ያሻል። «ቱላ» የሚባሉት የቦረና ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኙት በዚያ ነው። ከብቱ ወደ ጉድጓዱ አፍ የሚያደርሰውን፣ ምድርን ሰንጥቆ የወረደውን ረጅም ቁልቁለት ይዞ እስከ ጭቃው ገንዳ ይወርዳል። ከዚያ በታች ሰዎች በመሰላልና በእርከን ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ፤ የሞላው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ይህም ሁሉ የሚሆነው በዘፈን ነው። ዘፈኑ የእጅን ምት ይጠብቃል፣ ድካምን ያስረሳል፣ ከብቱንም ወደ ገንዳው ይጠራል። ዘፈኑ ቢቀር የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ይሳሳትና ባልዲው ይደፋል። እንግዲህ ይህ ዜማ ትርፍ ነው ወይስ ሥራ? ከጉድጓዱ ውስጥ ለቆመው ሰው ጥያቄው ትርጉም አይኖረውም። ከላይ ደግሞ ተራውን የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» አለ፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ በእርሱ ይወሰናል። በዚያ ዜማውም ሸክሙም በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ናቸው፤ የሚዘፍነው ራሱ ባልዲውን የያዘው ነው።

ቆላው አበባ አያውቅም ማለትም ስሕተት ነው። ግንዱ ያበጠው አዴኒየም ቅጠሉን አራግፎ በድርቁ መካከል ሮዝ አበባ ያወጣል፤ ማንም አላጠጣውም። የኢሬቻ በዓል ሲከበር በሰው እጅ የሚያዘው እርጥብ ሣርና አበባ ነው፤ በኦሮምኛ «ኬሎ» የሚባለው አደይ አበባም በደጋው የሚያብበው አትክልተኛ ሳይጠብቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ ለመምህሩ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ዝናብ ሊገባ ሲል ወይም እንደ ገባ ከምድር ውስጥ ካለ ሽንኩርት መሰል ሥር በድንገት ብቅ የሚል፣ ጥቃቅን አበቦቹ ተሰብስበው እንደ ኳስ የሚከቡ ቀይ አበባ በደቡቡ አገር ይገኛል። በሳይንስ ስሙ ስካዶክሰስ ሙልቲፍሎረስ ይባላል፤ ቤተሰቡም የዳፎዲል ቤተሰብ ነው። የሁለቱም ሥር መርዛማ ነው።

መምህሩ አፈሩን ሲያለሰልስ እንዲህ ያለውን ሥር እንደ አረም ነቅሎ ከአጥር ውጭ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ሥሩ ግን በቀላሉ አይሞትም። «ገና» ሲገባ ቀዩ ኳስ በአጥሩ ሥር ቢታይ፣ ስሙን የሚጠይቀው ከልጅቱ ነው፤ በዚያ ቀን መምህርቱ እርስዋ ትሆናለች። ስሙን ከነገረችው በኋላ ጀሪካኑ ባዶውን በደጁ ይቆማል። ወረፋው ተጀምሯል፤ የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜም ሊደወል ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ጀሪካኑን ማንሣት አለባቸው።