ለማን አለቀስኩ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ «ካነበብካቸው መጻሕፍት ያስለቀሰህ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሻይ ቤት ጥያቄ ነበር፤ መልሴም የሻይ ቤት መልስ። ሳላመነታ «ፍቅር እስከ መቃብር» አልኩት። እሱም የራሱን ነገረኝ፤ ሻያችንን ጠጥተን ተለያየን። ማታ ዶርም ገብቼ ጋደም ስል ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማልቀሴስ እውነት ነው፤ አልዋሸሁም። ግን ለመሆኑ ያን ዕለት ያለቀስኩት ለማን ነበር? ለማንስ ሳላለቅስ ቀረሁ? ይህ ጽሑፍ የዚያች ሌሊት ውጤት ነው። ሂስ አይደለም፤ ሂስ ለመጻፍ ዕውቀቱም ድፍረቱም የለኝም። አንድ አንባቢ ከራሱ ጋር የገጠመው ሙግት ነው ቢባል ይሻላል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብኩት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከው ነው። እናቴ ማንበብ ብትችልም መስማት ስለምትመርጥ እስከ ዛሬ «የወጋየሁ መጽሐፍ» እያለች ትጠራዋለች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተጋድሜ የበዛብህንና የሰብለወንጌልን መጨረሻ ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። በዚሁ መካከል ቤታችን የምትሠራው ልጅ ቡና ልታፈላ ረከቦቱን ይዛ ገባች። ብትበልጠኝ ባንድ ዓመት ነው። የመጣችው ከጎጃም ገጠር ነው፤ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣለች። ዓይኔን አየችና «ምን ይላል?» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል «አይገባሽም፤ ይልቅ ቡናውን አፍዪ» አልኳት። ዝም ብላ ከሰሉን ታራግብ ጀመር። እኔም ወደ ልቅሶዬ ተመለስኩ።

እስቲ አስቡት። መጽሐፉ የጎጃም መጽሐፍ ነው። ማንኩሳና ዲማ ለእኔ የመጽሐፍ ስሞች ናቸው፤ ለእሷ ግን አገር ናቸው። እኔ ስለ ጌታና ስለ አሽከር፣ ስለ ባላባትና ስለ ገበሬ እያነበብኩ በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ጥርሴን እነክሳለሁ፤ በዚያችው ደቂቃ እዚያው ሳሎን ውስጥ እኔው ራሴ ትንሽ ፊታውራሪ ሆኜ ተጋድሜያለሁ። የሚያስደንቀው ደግሞ አለመታወቁ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ጨካኝ ነህ» ቢለኝ ኖሮ የረጠበውን ጉንጬን አሳየው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ልጅቷ ቤታችን የገባች ሰሞን እናቴ ስሟን ቀይራባታለች። «ያገር ቤት ስሟ ለአፍ ይከብዳል» ተባለና በአጭር የከተማ ስም ተጠራች። ሁለት ዓመት በዚያ ስም ጠራናት፤ ሁለት ዓመት «አቤት» አለችን። የሄደች ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እውነተኛ ስሟን አላውቀውም።

ዩኒቨርስቲ ከገባሁ በኋላ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣ፣ አራጣ አበዳሪዋን አሮጊት በመጥረቢያ ስለገደለው ተማሪ ስለ ራስኮልኒኮቭ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ዶርማችን ውስጥ ስንት ተጯጯህንበት! «አንዲት ደም መጣጭ አሮጊት ብትሞትና በገንዘቧ ብዙ ችግረኛ ቢረዳ ምን አለበት?» የሚል ወገን ተነሣ። «የለም፤ ነፍስ ነፍስ ናት» የሚልም ተነሣ። ሦስት ሌሊት ሙሉ ስንሟገት ከመካከላችን አንድም ሰው የሊዛቬታን ስም አላነሣም። ሊዛቬታ የአሮጊቷ እኅት ናት፤ እኅቷ እንደ ገረድ የምታሠራት፣ የምትደበድባት፣ ለማንም ክፉ ያላሰበች የዋህ። ድንገት ቤት በመግባቷ ብቻ በዚያው መጥረቢያ ተመታች። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ «ለብዙኃን ጥቅም» የሚለው ፍልስፍና የሚፈርሰው እዚህች ሴት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጥቅማቸው ይጠበቅላቸዋል ከተባሉት ብዙኃን አንዷ እሷው ራሷ ናት። እኛ ግን ስለ ብዙኃን ስንጮህ እሷን ረግጠናት አለፍን።

ደራሲው አልረሳትም። ራስኮልኒኮቭ ራሱ ስለ ሊዛቬታ የማያስበው ለምን እንደሆነ ሲደነቅ ያሳየናል። ሶንያ የአልዓዛርን ትንሣኤ የምታነብለት ወንጌል ሊዛቬታ ያመጣችላት መጽሐፍ ነው። በኋላም ሶንያ አንገት ላይ የምትውለው የመዳብ መስቀል የሊዛቬታ ነበር። እንግዲህ ሟቿ በጓሮ በር እየተመለሰች ገዳይዋን ትጠይቃለች ማለት ነው። ይህን ያየሁት በሁለተኛው ንባብ ነው። በመጀመሪያው ላይ ዓይኔ የሮጠው ወደ ራስኮልኒኮቭ ብቻ ነበር፤ ተማሪ ነው፣ ድኻ ነው፣ አሳቢ ነው፣ እኔን ይመስላላ!

የአልበርት ካሙ «ባይተዋሩ» ደግሞ ጉዳዩን አባሰብኝ። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣ መጽሐፍ ነው። መርሶ የሚባል ፈረንሳዊ አልጄ ከተማ አጠገብ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ዐረብ በጥይት ይገድላል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ዋናው ነገር ግድያው መሆኑ ይቀርና በእናቱ ቀብር ላይ አለማልቀሱ ይሆናል። መጀመሪያ ሳነበው ከመርሶ ጋር ቆሜ ዳኞቹን ረገምኩ፤ «ሰው ባለማልቀሱ ይፈረድበታል እንዴ?» አልኩ። ታዲያ ለተገደለው ሰው ያለቀሰለት ማነው? ፍርድ ቤቱ አላለቀሰለትም፤ መርሶም አላለቀሰለትም፤ እኔም አላለቀስኩለትም። በመጽሐፉ ውስጥ ስም እንኳ የለውም፤ «ዐረቡ» ነው። አልጄሪያዊው ደራሲ ካሜል ዳውድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ልብ ወለድ የሟቹን ወንድም ተራኪ አድርጎ ለዚያ ሰው ሙሳ የሚል ስም ሰጠው። ከሰባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለችኝ ካሙ አይደለም፤ ረከቦቱን ይዛ የገባችው ልጅ ናት።

የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» (እ.ኤ.አ. 1958) ያነበባችሁ መጨረሻውን ታስታውሱ ይሆናል። መጽሐፉን ሙሉ ከኦኮንኮ ጋር ኖረን፣ ከነክፋቱ፣ ከነፍርሃቱ ዐውቀነው፣ አባት ብሎ የጠራውን ልጅ ኢኬሜፉናን ደካማ እንዳይባል ብሎ ሲመታው አይተን ተቆጥተን፣ በመጨረሻ ራሱን ሰቅሎ ስናገኘው እንግሊዛዊው የአውራጃ ሹም ብቅ ይላል። እሱም ሊጽፈው ላሰበው መጽሐፍ የዚህ ሰው ታሪክ አንድ ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል ብሎ ያስባል። አንድ ሙሉ ሕይወት፣ አንድ አንቀጽ! በዚያ ሹም ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም። ቆይቼ ግን ራሴን ጠየቅኩ፦ እኔ አብራኝ ሁለት ዓመት ለኖረችው ሰው ስንት መስመር አለኝ? ከዛሬ በፊት አንድ መስመርም አልነበረኝም።

ሙግቱ አዲስ አይደለም። አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ»ው ልጅ ሳለ ለፍቅር ብላ ራሷን ላጠፋችው ለዲዶ እያለቀሰ ለራሱ ነፍስ ግን አለማልቀሱን ይወቅሳል። ፕሉታርክ ደግሞ የፌራይ ገዥ ስለነበረው ስለ እስክንድር ያወራል። ያ ሰው ስንቱን የፈጀ ጨካኝ ነበር፤ አንድ ቀን የዩሪፒደስን ተውኔት ሲያይ ለትሮይ ሴቶች እንባው መጣበትና ሕዝቡ እንዳያየው ከቲያትሩ ወጥቶ ሄደ። እንባ ለጨካኝም ይመጣል ማለት ነው። የመጽሐፍ እንባ ርካሽ ነው። ሰብለወንጌል ተነሥታ «አብላኝ፣ ደመወዜን ጨምርልኝ፣ ማታ ማታ አስተምረኝ» አትለኝም። ገጹን ስዘጋ ትዘጋለች። በር ላይ የቆመች ሰው ግን አትዘጋም፤ ከጠየቀችህ መልስ ትፈልጋለች፤ መልሱም ዋጋ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ ያ የሻይ ቤት ጓደኛዬ ያነሣብኝን ተቃውሞ ሳልሸሽ ላቅርብ። «አንተ ነገር ታካብዳለህ» አለኝ። «ሊዛቬታ ቀለም ናት፤ ሙሳም ቀለም ነው። ቀለም አይበደልም። ደራሲ ታሪኩን ሊናገር ከፈለገ አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ ማድረግ ግዴታው ነው። ሁሉን ሰው እኩል ላልቅስ የሚል መጽሐፍ ቢኖር ማን ያነበዋል?» እውነቱን ነው። መብራት አንድ ቦታ ካላረፈ ምንም አይታይም። ሊዛቬታን አልበደልኳትም። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው፤ ይኸውም ከመጽሐፍ ላይ ዘሎ ማለፍ የለመደ ዓይን ቤት ውስጥም ዘሎ ያልፋል የሚል ነው። ወይም ደግሞ፣ ይኸኛው ወደ እውነት ሳይቀርብ አይቀርም፣ ዘሎ ማለፉን መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ከቤቴ ይዤው ነው ወደ መጽሐፍ የገባሁት።

ታዲያ ማንበብ ምን ይጠቅማል? እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነበር ስለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሰማሁት። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» (እ.ኤ.አ. 1936) የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው፤ እዚያው ለእስር ጓደኞቹ ይነበብ እንደነበርም ይነገራል። ይህ ነገር ግራ አጋባኝ። መጽሐፉ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፈረሰውን የባሪያ ጌቶች ኑሮ እንድንናፍቅ የሚጋብዝ ነው፤ መብራቱ በጌቶቹ ሳሎን ላይ ነው፤ ጥጡን የሚለቅሙት ባሮች ጥላው ውስጥ ናቸው። ቢሆንም ያ መጽሐፍ እዚያ ክፍል ውስጥ ነገ መኖሩን ለማያውቅ ሰው ነገ ሌላ ቀን መሆኑን ነግሮታል። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? እኔ ወደ መጣያ ልጥለው አልችልም። ልዘምርለትም አልችልም። ያየሁት አንድ ነገር፣ መጽሐፍ የሚሠራው ሥራ በውስጡ ባለው ብቻ ሳይሆን የት ሆነን፣ ማን አጠገባችን ተቀምጦ እንደምናነበውም የሚወሰን መሆኑን ነው። እነዚያ እስረኞች አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ተካፈሉት። እኔ ሙሉ መጽሐፍ ይዤ አንድ ጥያቄ ለማካፈል ሰሰትኩ።

እንግዲህ ወደ መደምደሚያው ልምጣ። መጽሐፍ ሰውን ደግ ያደርጋል የሚለውን አላምንም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ምንም አይጠቅምም የሚለውንም አላምንም። ሊዛቬታንና ያንን ስም የለሽ ዐረብ ባላገኝ ኖሮ ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አላስታውሳትም ነበር። መጽሐፍ ደግ አያደርግም፤ ሒሳብ ግን ይይዝብናል። ያለቀስንበትን ገጽ ብቻ ሳይሆን ዘለን ያለፍነውንም ገጽ ያስቀምጣል። ስንመለስ እዚያው ነው።

ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስሄድ እናቴን የልጅቷን እውነተኛ ስም ጠየቅኋት። ብዙ አሰበች፤ አልመጣላትም። አፍራ ነው መሰለኝ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመረች። ቆየችና ግን «የወጋየሁን ትረካ ስከፍት እኮ ጓዳ በር ላይ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር» አለችኝ። «እኛ የማንስቅበት ቦታ ትስቅ ነበር። አነጋገሩ ያገሯ አይደል?»

«አይገባሽም» ያልኳት እሷን ነው። እሷ የሳቀችባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑ እስካሁን አላውቅም። መጽሐፉን እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ በዚህ ንባብ ግን የሚጎድለኝ መዝገበ ቃላት ሳይሆን እሷ ናት።

ከእናንተ መካከል «እኔ አላልፍኩም» የሚል ካለ፣ ወይም እኔ ያላየሁትን መልስ ያየ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ብቻ ከመጻፉ በፊት ዛሬ ጧት የዶርሙን ኮሪደር የጠረጉትን እናት ስም ማወቁን ራሱን ይጠይቅ።