ከቀለሙ በታች

ሞተር ብስክሌት ቀለም መቀባት ማታለል ነው? ቦንጋ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ይሳቅበታል። የካፋ ዝናብ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም፤ ራቁቱን የቀረ ብረት ዝገት ይበላዋል። ቀለም ለሞተር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጋቢም ነው። እዚህ ድረስ እንስማማለን።

በሌላው ዓለም ሰዎች የሞተራቸውን ዕቃ ቤታቸው ውስጥ በዱቄት ቀለም ይቀባሉ። አሮጌው ቀለም፣ ዝገቱና ቅባቱ ተፍቆ ይወልቃል፤ በኤሌክትሪክ የተሞላ ዱቄት ይነፋበትና 200 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል። (ምድጃው ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይሆንም፤ የቤቱን እመቤት ያስፈቀዱ እንደሆነ እንጃ!) እኛ ዘንድ ሥራው የኮምፕሬሰርና የብርጭቆ ወረቀት ነው። በሁለቱም ግን ብረቱ እርቃኑን የሚታይባት ሰዓት አለች፤ የሚያየውም ቀቢው ብቻ ነው።

እንግዲህ ሻንሲው ተሰንጥቆ አገኘው እንበል። ስቱኮ ሞልቶ ቢቀባው አንዲት ቃል አልዋሸም። «ገዢ ዐይን የለውም እንዴ?» ይላል። ምኑን ይየው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ፤ ዋጋም እቀንሳለሁ» ቢልስ? ለገዢው ይበቃው ይሆናል። እኔን የምታሳስበኝ ግን ቡናዋን ሸጣ ከኋላ ተፈናጣ ወደ ገጠር የምትመለሰው ሴት ናት። በዋጋው አልተከራከረች፣ ቅናሹም አልደረሳት። ሹፌሩ ደግሞ እንጀራው ነውና አይነግራትም። ስለዚህ ነግሮ መሸጥ አይበቃም፤ ስንጥቁ በደንብ ሳይበየድ ቀለም አይንካው ባይ ነኝ።