የሩቅ ቃልና የቅርብ እጅ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈው የንጉሥ ሹም፣ ልጁ በቅፍርናሆም ሊሞት ሲያጣጥር ጌታችንን ፍለጋ ወደ ቃና ይሄዳል። ልመናውም ወርዶ እንዲፈውስለት ነበር። ጌታ ግን አብሮት አልወረደም፤ በቃሉ ብቻ አሰናበተው፤ ልጁም በዚያችው ሰዓት ዳነ።

ስለ ርቀት ሕክምና ስናስብ ይህ ታሪክ ወደ ልቡናችን ይመጣል። በገጠር ሆስፒታል ያለች ነርስ፣ ሕፃን በድንገት ሲደክምባት፣ በከተማ ያለውን የሕፃናት ሐኪም በስልክ ታማክራለች። ለመሆኑ ሕፃኑን በእጁ ያልዳሰሰ ሐኪም የሕፃኑ ባልንጀራ ሊባል ይችላልን? ነገሩስ ቢበላሽ ኃላፊነቱ የማን ነው?

በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ የተነሣ ሕመምተኛ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ወይም በቃሬዛ ገደሉን አልፎ ደባርቅ ቢደርስ እንኳ እስከ ጎንደር ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን ይህን መንገድ አይጠብቅም። ጎንደር ለዚህ ችግር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ያን ጊዜ ዕውቀት የሚጓዘው በሰው እግር ነበር። በሽቦና በሳተላይት መጓዙም ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታሎች በሕንድ ሃይደራባድ ካሉ ሐኪሞች ጋር ተገናኝተው ነበር።

እንግዲህ መልሳችን፣ አዎን፣ ባልንጀራው ሊሆን ይችላል፣ የሚል ነው። ነገር ግን የጌታ ቃል በራሱ ሲፈውስ የሐኪም ቃል በሌላ ሰው እጅ ካልተፈጸመ አይፈውስም። የሕፃኑን የአየር መንገድ የሚከፍት፣ ኦክስጅን የሚሰጥ፣ የደሙን ስኳር የሚለካ በአጠገቡ ያለው ነው። ስለዚህም የሩቁ ሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ መናገር ሳይሆን መስማት ነው እንላለን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የጤነኛ ሕፃን የኦክስጅን መጠን እንኳ ከቆላው ልጅ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ይህን ሳይጠይቅ የሚያዝ ሐኪም በዕውቀቱ ሊሳሳት ይችላል።

ከዚህ የከበደም ምሳሌ አለ። ብርቱ ትኩሳት ይዞት የደም ዝውውሩ ለደከመ ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ ፈጥኖ መስጠት በሀብታም አገሮች የተለመደ ሥርዓት ነበር። በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛንያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን፣ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውን ሕፃናት ሳይጨምር፣ ፈሳሹ ፈጥኖ ከተሰጣቸው ከመቶ 10 የሚበልጡት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት ከመቶ 7 ያህል መሆናቸውን አሳየ። ትእዛዙ የመጣው ከበጎ ፈቃድ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ስፍራ ገዳይ ሆነ።

ሌላም ፈተና አለ። ስልኩ ኦክስጅን ላለመግዛት፣ አምቡላንስ ላለመጠገን፣ ነርስ ላለመቅጠር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሕፃኑ የሚቀርለት በአልጋው ዙሪያ ያለው ብቻ ነው።

ስለ ኃላፊነቱ ደግሞ፣ መካሪውም አድራጊዋም ሸክሙን አብረው መሸከም ይገባቸዋል ብለን እናምናለን። ብዙውን ጊዜ ግን ሕፃኑ ሲሞት ለእናቲቱ የምትነግረው ነርሷ ብቻዋን ናት፤ የሩቁ ድምፅ ቀድሞ ተቋርጧል። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሲተው ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ተመልሶም እንደሚመጣ ቃል ገብቶ ነበር። የንጉሡም ሹም አገልጋዮቹን ባገኘ ጊዜ ልጁ በስንት ሰዓት እንደ ተሻለው ጠይቋል። በሌሊት በስልክ የመከረ ሐኪምም ሲነጋ መልሶ ይደውል፤ ሕፃኑ እንዴት እንዳደረ፣ ነርሷም እንዴት እንዳደረች ይጠይቅ።